ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፦ የበረራ ሰዓት ሲሰላ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የአየር ርቀት ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ቁጥር በኋላ ነው።

ርቀቱን ለ900 አካፍሎ መተው። አውሮፕላኑ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ግድም ስለሚበር ሂሳቡ 13 ሰዓት አካባቢ ይመጣል። ለመመለሻው ያስኬዳል፣ ለመሄጃው አያስኬድም። አትላንቲክ ላይ አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣውን ከኋላ ይገፋል፣ ወደ አሜሪካ የሚሄደውን ከፊት ይገጥማል።

የቦሌን ከፍታ መርሳት። ነፋሱ ብቻ ቢሆን የመሄጃውና የመመለሻው ልዩነት ይህን ያህል ባልሰፋ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩም ጉልበት የክንፉም የማንሳት አቅም ይቀንሳል። ሙሉ መንገደኛ፣ ሙሉ ሻንጣና እስከ ዋሽንግተን የሚያደርስ ነዳጅ በአንዴ ይዞ መነሳት ከባድ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደዚያ ሲሄድ እንደየዘመኑ ደብሊን ወይም ሎሜ እያረፈ ነዳጅ ሲሞላ የቆየው ለዚህ ነው። እንዲህ ሲሆን ጉዞው ወደ 17 ሰዓት ይደርሳል። ደለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ መመለሻው በቀጥታ ይበራል። ስለዚህ ማረፊያ መኖሩን ከትኬቱ ሳያዩ ለሚቀበልዎ ሰው የመድረሻ ሰዓት አይንገሩ።

በትኬቱ ላይ ያሉትን ሁለት ሰዓቶች ዝም ብሎ መቀናነስ። መነሻውም መድረሻውም የተጻፈው በየከተማው ሰዓት ነው። ለምሳሌ በሐምሌ ከዋሽንግተን 11:00 ተነስቶ በማግስቱ 07:00 አዲስ አበባ የሚደርስ በረራ 20 ሰዓት ይመስላል፤ አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በ7 ሰዓት ስለምትቀድም 7 ሲቀነስ 13 ነው። አሜሪካኖች በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ስለሚመልሱ እስከ ማርች ሁለተኛ እሑድ የሚቀነሰው 8 ይሆናል። የእኛ አይነካም።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ማንበብ። ከሁሉም የሚያስከፍለው ይኸኛው ነው። ትኬቱ «ማክሰኞ 00:30» ካለ፣ በእኛ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 6:30 ማለት ነው። ቦሌ መገኘት ያለብዎት ሰኞ ማታ 3:30 ነው፤ ማክሰኞ ማታ ሻንጣ ይዞ ለሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ቆይቷል። 22:15 ደግሞ ከምሽቱ 4:15 ነው።

በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ማስመሪያ ማስቀመጥ። መስመሩ በቻድ፣ በኒጀርና በማሊ ያልፋል። ምድር ክብ ናትና አጭሩ መንገድ ወደ ሰሜን ጎብጦ በሱዳን፣ በሊቢያና በስፔን በኩል ነው። ርቀቱ በማይል 7,180 ያህል ነው፤ ከኪሎ ሜትሩ ጋር አያምታቱት።

ከደለስ ወደ ሌላ ከተማ ለሚቀጥል በረራ አንድ ሰዓት መተው። ሻንጣዎ እስከ መጨረሻው ከተማ ቢመዘገብም መጀመሪያ አሜሪካ በገቡበት ማረፊያ ራስዎ ተቀብለው፣ ጉምሩክ አሳልፈው መልሰው ማስረከብ አለብዎት። ኢሚግሬሽኑም ሰልፍ አለው። 3 ሰዓት ይተዉ።