የአፍሪካ ዳይኖሰሮችን ዝርዝር በትክክል ለማዘጋጀት

ስሞችን ከመልቀምዎ በፊት ስድስት ዓምዶች ያሉት ሠንጠረዥ ይሥሩ፦ ስም፣ የተገኘበት አገርና የድንጋይ ንብርብር፣ ዕድሜ፣ የተሰየመበት ዓመት፣ የተገኘው አጥንት፣ ማስታወሻ። በፊደል ተራ ሳይሆን በዕድሜ ይደርድሩት። አለበለዚያ የደቡብ አፍሪካው ማሶስፖንዲለስና የግብፁ ስፒኖሳውረስ አብረው የኖሩ ይመስላሉ። በመካከላቸው ያለው ጊዜ ግን ከ80 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው፤ እኛ ከመጨረሻዎቹ ዳይኖሰሮች (ወፎችን ሳንቆጥር) የምንርቀው እንኳ 66 ሚሊዮን ዓመት ነው።

በማሶስፖንዲለስ ዘመን አፍሪካ ገና የፓንጌያ (አህጉሮች ሁሉ ተያይዘው የነበሩበት ግዙፍ የብስ) አካል ስለነበረች መመዘኛው አጥንቱ የተገኘበት ቦታ ይሁን። ማዳጋስካርን ለብቻዋ ያስቀምጡ፤ ማጁንጋሳውረስ በኖረበት ጊዜ፣ ከ70 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ደሴት ከሆነች ቆይታ ነበር።

ቀጥሎ ስሞቹን ያጣሩ። አሰልቺ ነው፤ ከተዘለለ ግን አንዱ እንስሳ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ጀርመኖች ከ1909 እስከ 1913 እ.ኤ.አ. በታንዛኒያ ቴንዳጉሩ ቆፍረው ያወጡት ባለ ረጅም አንገቱ ግዙፍ በ1914 ብራኪዮሳውረስ ብራንካይ ተባለ፤ ዛሬ በብዛት የሚጠራው ጊራፋቲታን ተብሎ ነው። አዲሱን በስም ዓምድ፣ የድሮውን በማስታወሻ ይጻፉ። የኒጀሩ ሳርኮሱከስ የአዞ ዘመድ ስለሆነ ይውጣ፤ በራሪዎቹ ቴሮሰሮችም እንዲሁ።

ብዙዎች ችላ የሚሉት የአጥንቱን ዓምድ ነው፤ የዝርዝሩ ታማኝነት ግን የሚለካው በእሱ ነው። በ1915 እ.ኤ.አ. ስፒኖሳውረስ የተሰየመበት፣ በግብፅ ባሕሪያ የተገኘው አጥንት በ1944 የጀርመኗ ከተማ ሙኒክ በቦምብ ስትደበደብ ወደመ፤ የቀሩት ሥዕሎች፣ ፎቶግራፎችና ጽሑፍ ናቸው። ስለዚህ የርዝመት ቁጥር ሲያገኙ ከየትኛው አጥንት እንደተሰላ ሳያረጋግጡ አይመዝግቡ። ለገበያ የሚቀርቡ የሞሮኮ ጥርሶችንም በማስረጃነት አይቀበሉ፤ የተገኙበት ንብርብር ብዙ ጊዜ አይታወቅም፣ ከተለያየ ስብርባሪ ተለጣጥፈው የተሠሩም አሉ።

የታንዛኒያው ኒያሳሳውረስ ወደ 240 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል፤ ዳይኖሰር መሆኑ ግን ስላልተረጋገጠ የጥያቄ ምልክት ያድርጉበት።

ወደ ክሬታሺየስ (የዳይኖሰሮች የመጨረሻ ዘመን) ማብቂያ ሲደርሱ ረድፎቹ ይሳሳሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. የተሰየመው የግብፁ ማንሱራሳውረስ ትልቅ ዜና የሆነው ለዚህ ነው። የሳሳው ግኝቱ እንጂ እንስሳቱ አይደሉምና ክፍተቱን «አልነበሩም» ብለው አይተርጉሙት፤ በሌላ አህጉር ዳይኖሰርም አይሙሉት።