ለሕዝብ ሕንጻ እድሳት ብድር ከመጠየቅ በፊት

በሰሜን ሸዋ የሚገኝ ወረዳ የጤና ጣቢያ ወይም የትምህርት ቤት ሕንጻ በብድር ለማደስ ሲያስብ፣ ክልሎች ከአገር ውስጥ ምንጭ የሚበደሩበትን ሁኔታ የፌዴራል መንግሥት በሕግ እንደሚወስን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መደንገጉን ተገንዝቦ፣ ጥያቄውን አስቀድሞ ለክልሉ የፋይናንስ ቢሮ ያቅርብ። ከዚያም መሐንዲስ ሕንጻውን ይመርምር፤ እንደ መሐል ሜዳ ባለ ብርዳም ደጋ የሚያፈስ ጣሪያ ከግድግዳ ቀለም መቅደም ይኖርበታል። የብድሩ ዘመን ከእድሳቱ ዕድሜ አይብለጥ፤ 5 ዓመት ለሚያገለግል ሥራ 10 ዓመት ዕዳ መክፈል፣ በእኔ እምነት፣ በልጆቻችን ላይ የሚፈጸም በደል ነው። ዋናው ገንዘብና ወለዱ በየዓመቱ ከየትኛው ገቢ እንደሚከፈል ተሰልቶ ለምክር ቤቱ ይቅረብ፤ ክፍያው የመምህራንን ደመወዝ ወይም የመድኃኒት በጀት የሚነካ ከሆነ የብድሩ መጠን ይቀነስ። የጨረታ ሰነዱም ገንዘቡ ከመለቀቁ በፊት ይዘጋጅ፤ ያለ ሥራ የተቀመጠ የብድር ገንዘብ ወለድ ይቆጥራልና።