«ላይሰንስ የለም» ሲላችሁ ላይሰንሱን ለጊዜው ተዉት

ጠዋት ገብታችሁ እንደ አውቶካድ ያለ የንድፍ ወይም እንደ አርክጂአይኤስ ያለ የካርታ ፕሮግራም ስትከፍቱ «ላይሰንስ አልተገኘም» ብሎ ከተዘጋባችሁ ወዲያው ሻጩ ጋ አትደውሉ። ብዙ ጊዜ ላይሰንሱ ምንም አልሆነም። ሰዓት ተዛብቶ ነው። ወይ የሰርቨሩ (ላይሰንሱን የሚያድለው ኮምፒውተር) አድራሻ ተቀይሯል፣ ወይ ፖርት (ፕሮግራሞች በኔትወርክ የሚነጋገሩበት ባለ ቁጥር በር) ተዘግቷል፣ ወይ መብራት ሲመጣ መነሳት የነበረበት ሰርቪስ (ከጀርባ ሆኖ የሚሠራ ፕሮግራም) ተኝቶ ቀርቷል። ፕሮግራሙ ግን ይሄን ሁሉ በአንድ ቃል «ላይሰንስ» ብሎ ስለሚያልፈው ሠራተኛው «ሲስተም የለም» ይላል፣ ፋይናንስ «ከፍለን የለ እንዴ?» ይላል፣ ሻጩ አዲስ ፋይል ይልካል፣ ፋይሉ ይጫናል፣ ችግሩም እዛው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

አሠራሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። የኔትወርክ ላይሰንስ ልክ እንደ መሥሪያ ቤት መኪና ስምሪት ነው። አምስት መኪና አለ፣ ፈላጊው አሥራ ሁለት ነው። ቁልፉ ስምሪት ክፍል ነው፤ የወሰደ ይመዘገባል፣ ሲመልስ ሌላው ይወስዳል። ስምሪት ክፍሉ እንግዲህ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው። በምህንድስና ሶፍትዌሮች በብዛት የምታገኙት ፍሌክስኔት የሚባለውን ነው፣ ቆየት ያሉት ፍሌክስኤልኤም ይሉታል። እሱ ደግሞ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ በር ላይ ሆኖ ጥያቄ የሚቀበለው ኤልኤምጂአርዲ ነው። ሌላው ላይሰንሱን ቆጥሮ የሚሰጠው የየኩባንያው የራሱ ፕሮግራም ነው፣ የአውቶዴስኩ ለምሳሌ አድስክፍሌክስ ይባላል። ሁለት መሆናቸውን ያዙልኝ፣ ቆይቶ ይጠቅማል።

አውቶዴስክ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ደንበኞቹን ከኔትወርክ ላይሰንስ አውጥቶ በተጠቃሚ ስም ወደሚሰጥ አሠራር አዙሯል። ድሮ የተገዛው ግን ዛሬም የሚሠራበት ቢሮ አለ።

ከሁሉ በፊት የስህተት ቁጥሩን ያዙ። ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንሱት። ማይነስ 15 እና ማይነስ 4 ፈጽሞ የማይገናኙ ችግሮች ናቸው፣ አብሯቸው የሚመጣው ጽሑፍ ግን ለተጠቃሚው አንድ ዓይነት ነው የሚመስለው።

«ሁሉም ኮምፒውተር ላይ በአንዴ ጠፋ»

ይሄ ቀላሉ ነው። የየሰዉን ኮምፒውተር መነካካት ትታችሁ ሰርቨሩ ጋ ሂዱ። ኤልኤምቱልስን (የፍሌክስኔት ማስተዳደሪያ ፕሮግራም ነው) ክፈቱና ሰርቪሱ እየሠራ መሆኑን እዩ፣ ከቆመ አስነሱት። ግን አስነስታችሁ ብቻ አትሂዱ። ኮንፊግ ሰርቪስስ የሚለው ገጽ ላይ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። አንዷ ፕሮግራሙ በሰርቪስነት እንዲሠራ፣ ሌላዋ ማሽኑ ሲበራ አብሮ እንዲነሳ የምታደርግ ናት። ሁለተኛዋ ምልክት ከሌላት መብራት በጠፋ ቁጥር አንድ ሰው መጥቶ በእጁ ማስነሳት አለበት፣ በእኛ አገር ያ ሰው ሌላ ሥራ አይኖረውም ማለት ነው። ሁለቱንም ምልክት አድርጉና ሴቭ ሰርቪስ የሚለውን መጫን አትርሱ።

ሰርቪሱ እየሠራ ከሆነ ቀጥሎ አድራሻውን እዩ። ሰርቨሩ አይፒውን (የኔትወርክ አድራሻ ቁጥሩን) ከራውተሩ በራሱ የሚወስድ ከሆነ፣ ራውተሩ የተቀየረ ወይም ሪሴት የተደረገ ቀን ሌላ አይፒ ይዞ ይነሳል፣ ኮምፒውተሮቹ ደግሞ የድሮውን አይፒ ሲጠሩ ይውላሉ። ለሰርቨር ቋሚ አይፒ ስጡ። በዚህ አልደራደርም።

«መብራት ጠፍቶ መጣ፣ ሰርቪሱ ይሠራል፣ ግን ማንም አይገባም»

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚደክመው። ሰርቨሩ ራሱ ላይ ሲሞከር ይሠራል፣ ከሌላ ኮምፒውተር ግን ማይነስ 15 ወይም ማይነስ 96 ይላል፣ አንዳንዴ ደግሞ ፋየርዎል (ፖርቶቹን የሚጠብቀው ዘበኛ) ሲጠፋ ይገባል። የገረመው ሰው ፋየርዎሉን እንደጠፋ ይተወዋል። አትተዉት።

ምክንያቱ ያ የሁለትነት ነገር ነው። ኤልኤምጂአርዲ ከ27000 እስከ 27009 ባሉት ፖርቶች ነው የሚያዳምጠው፣ በብዛት 27000 ላይ። እሱን ፋየርዎል ላይ ከፍታችሁለታል። ሁለተኛው ክፍል ግን ፖርት ካልተወሰነለት በተነሳ ቁጥር ያገኘውን ባዶ ፖርት ይይዛል። ትናንት የያዘው ለፋየርዎሉ ችግር አልነበረም፣ ዛሬ የያዘው ዝግ ነው። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ የሰርቨሩን ሎግ ፋይል ክፈቱ። ሰርቪሱ ከተነሳበት ሰዓት ዝቅ ብሎ «አድስክፍሌክስ ዩዚንግ ቲሲፒ ፖርት» የሚልና ቁጥር ያለበት መስመር አለ። ሰርቪሱን አቁማችሁ አስነሱና መስመሩን እንደገና እዩት። ቁጥሩ ከተለወጠ ሌባው ተያዘ።

መፍትሄው፦ የላይሰንስ ፋይሉን በኖትፓድ ክፈቱ። ቬንደር በሚለው መስመር መጨረሻ ላይ በእንግሊዝኛ ፖርት ብላችሁ የእኩል ምልክትና 2080 ጨምሩ። ሌላ ነጻ ፖርትም ይሆናል፣ ለአውቶዴስክ የተለመደው ግን 2080 ነው። ሰርቨር በሚለው የመጀመሪያው መስመር መጨረሻ ላይም 27000 ጻፉ። ከዚያ ሁለቱንም ፖርቶች ሰርቨሩ ላይ ባለው ፋየርዎል ክፈቱ፣ በመሀል ሌላ ፋየርዎል ካለ እዚያም። ሰርቪሱን ሙሉ በሙሉ አቁማችሁ አስነሱት፣ ሪሪድ የሚለው ቁልፍ ለዚህ አይበቃም።

«ፋይሉን ብነካው አይበላሽም?» ለሚል፦ የሰርቨሩን ስም፣ ፖርቶቹንና የፕሮግራሙን አድራሻ መቀየር ይቻላል። ሆስት አይዲውን፣ ማለትም የሰርቨሩን መለያ፣ እና እነዚያን ረጃጅም የፊደልና የቁጥር ድርድሮች ግን አትንኩ። አንድ ፊደል ከተዛነፈች ፋይሉ ዋጋ የለውም።

ፒንግ ማድረግን እንደ ማስረጃ አትቁጠሩት። ፒንግ እየመለሰ ፖርቱ ዝግ ሊሆን ይችላል፣ ዊንዶውስ ፒንግን ከልክሎ ፖርቱ ክፍት ሊሆንም ይችላል። ፓወርሼል ላይ ቴስት ኔትኮኔክሽን በሚለው ትእዛዝ የሰርቨሩን ስምና ፖርቱን ሰጥታችሁ ሞክሩ፣ ትሩ ወይም ፎልስ ብሎ ይነግራችኋል። ሁለቱንም ፖርት በየተራ።

«የእኔ ላይ ብቻ ነው የማይሠራው»

ሌላው ሰው እየሠራ ከሆነ ሰርቨሩን ተዉት። የዚያን ኮምፒውተር ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ዊንዶውስ ለፕሮግራሞች የሚይዝላቸውን ቅንብር) እዩ። አድስክፍሌክስ ላይሰንስ ፋይል የሚል ካለ ውስጡ ሰርቨሩ በትክክል ተጽፏል ወይ? ከሦስት ዓመት በፊት የተጣለ ሰርቨር ስም አሁንም መጀመሪያ ላይ ተሰልፎ ሊገኝ ይችላል፣ ፕሮግራሙም መጀመሪያ የሞተውን ጠርቶ፣ ጠብቆ፣ ተስፋ ቆርጦ ነው ወደ ሕያው የሚዞረው። «አውቶካድ ለመክፈት ቡና ጠጥተን እንመለሳለን» የሚባለው ቅሬታ አንዳንዴ ይሄ ብቻ ነው። የሞተውን አጥፉት።

ሰዓት

ለብቻው ርዕስ የሰጠሁት ስለሚገባው ነው።

የማዘርቦርዱ ባትሪ፣ ያቺ ሲአር2032 የምትባለው ክብ ባትሪ፣ ስትሞት ኮምፒውተሩ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳና ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል። ላይሰንሱ ያኔ ገና አልጀመረም፣ ስለዚህ ማይነስ 31 ይላችኋል። ሰው በእጁ ሲያስተካክል ተሳስቶ ወደፊት ወስዶ ከመለሰው ደግሞ ማይነስ 88 ይመጣል፣ ማለትም «ሰዓቱን ወደኋላ መልሳችኋል» ብሎ ይጠረጥራችኋል። ፈጣን ምልክት ከፈለጋችሁ ብራውዘር ክፈቱ። ክሮም ድረ ገጽ ሁሉ እምቢ ብሎ ስለ ሰዓታችሁ ካጉረመረመ ነገሩ አልቋል፣ ባትሪውን ቀይሩ።

ሁለተኛው ጉዳይ ረቀቅ ይላል። ሰዓቱ ሲታይ ልክ ነው፣ ታይምዞኑ ግን ዊንዶውስ ሲጫን በነበረው በአሜሪካ ፓሲፊክ ቀርቷል። አንድ ሰው ታይምዞኑን ትቶ ሰዓቱን ብቻ በእጁ አስተካክሎታል። ለዓይን ትክክል ነው፣ ከዓለም አቀፉ ሰዓት አንጻር ግን 10 ወይም 11 ሰዓት ይዛነፋል። ከዚያ ደግሞ ኮምፒውተሩን በእኛው አቆጣጠር የሚሞሉ አሉ፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን 4:00 ብለው ያስቀምጡታል። ለመሥራት ይመቻል፣ አልፈርድም፣ ግን ማሽኑ 6 ሰዓት ወደኋላ ቀረ ማለት ነው። ታይምዞኑን ናይሮቢ የሚለው ላይ አድርጉና ሰዓቱን ከኢንተርኔት ወይም ከዶሜን ሰርቨሩ ይውሰድ። የሐበሻውን ሰዓት ግድግዳው ላይ ስቀሉት።

«ሞልቷል» (ማይነስ 4)

አንዳንዴ እውነትም ሞልቷል። ግን አረጋግጡ። ኤልኤምስታት በሚለው ትእዛዝ ወይም ኤልኤምቱልስ ላይ ሰርቨር ስቴተስ በሚለው ገጽ ማን፣ ከየትኛው ኮምፒውተር፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደያዘ ይታያል። ሎጉም ያሳያል፤ አውት የወሰደ፣ ኢን የመለሰ፣ ዲናይድ ተከልክሎ የሄደ ነው። ከትናንት 11 ሰዓት ጀምሮ አውት ብሎ ኢን የሌለው ስም ካያችሁ፣ ያ ሰው ፕሮግራሙን ሳይዘጋ ስክሪኑን ብቻ አጥፍቶ ወደ ቤቱ ሄዷል።

ለዚህ መድኃኒቱ ኦፕሽን ፋይል ነው። ከሁለተኛው ክፍል ጋር አንድ ዓይነት ስም ያለው፣ መጨረሻው ኦፒቲ የሆነ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ውስጡ ታይምአውትኦል 3600 ብላችሁ በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ለአንድ ሰዓት ያልተነካ ላይሰንስ ለሌላ ሰው ይለቀቃል። ለሠራተኛው ግን አስቀድማችሁ ንገሩ፣ አለበለዚያ ከምሳ ተመልሶ ፕሮግራሙ ፊቱን ሲያዞርበት ጥፋቱ የእናንተ ነው የሚሆነው። በነካ እጃችሁ እዚያው ፋይል ውስጥ ሪዘርቭ የሚል የድሮ መስመር ካለ እዩት። ለአንድ ሰው ተብሎ የተያዘ ላይሰንስ ሰውየው ቢለቅም ተይዞ ነው የሚቀመጠው።

በመብራት መጥፋት ድርግም ያለ ኮምፒውተርም ላይሰንሱን ሳይመልስ ይሞታል። ሰርቨሩ መሞቱን እስኪያውቅ ሁለት ሰዓት ገደማ ሊወስድ ይችላል። በውሰት ተወስዶ ላፕቶፕ ላይ ፊልድ የወጣ ላይሰንስ ደግሞ የውሰት ቀኑ እስኪያልቅ አይመለስም፣ ላፕቶፑ ፎርማት ቢደረግም።

ዊንዶውስና ኦፊስ «አክቲቬት አድርጉኝ» ሲሉ

ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ኬኤምኤስ የሚባለውን የማይክሮሶፍት የውስጥ አክቲቬሽን ሰርቨር ይጠቀማሉ። ኮምፒውተሩ በፖርት 1688 የውስጡን ሰርቨር ያገኝና ለ180 ቀን ይፈቀድለታል፣ በየ7 ቀኑም ያድሳል። ከዋናው መሥሪያ ቤት ርቆ ፕሮጀክት ሳይት ላይ ግማሽ ዓመት የከረመ ላፕቶፕ ስለዚህ መጮኹ አይቀርም። ኔትወርክ ውስጥ አስገቡት ወይ በቪፒኤን (በኢንተርኔት በኩል ወደ ቢሮው ኔትወርክ በሚያስገባው መንገድ) አገናኙት።

መጨረሻው ኤፍ074 የሆነ ኮድ ሰርቨሩ አልተገኘም ማለት ነው፣ ዲኤንኤሱንና (ስምን ወደ አይፒ የሚቀይረውን) ፖርቱን እዩ። ኤፍ06ሲ ከሆነ ሰዓት ነው፤ ከሰርቨሩ ጋር ከ4 ሰዓት በላይ ልዩነት አይቀበልም፣ ላይ ያልኩትን የ6 ሰዓት ነገር አስታውሱ። ኤፍ038 ደግሞ ቁጥር አልሞላም ማለት ነው። ኬኤምኤስ ሥራ የሚጀምረው ቢያንስ 25 የዊንዶውስ ኮምፒውተር ሲጠይቀው ነው፣ ለኦፊስ 5። «እኛ 40 አለን» ካላችሁና ቆጠራው አንድ ላይ ከቆመ፣ ሁሉም ከአንድ ዲስክ ተገልብጠው ሲስፕረፕ (ከመገልበጥ በፊት የማሽኑን መለያ የሚያጸዳው የዊንዶውስ መሣሪያ) ሳይደረጉ ቀርተዋል፤ ለሰርቨሩ ሁሉም አንድ ሰው ናቸው። ኤስኤልኤምጂአር በሚባለው የዊንዶውስ ላይሰንስ መሣሪያ ላይ ሪአርም የሚለው ትእዛዝ መለያቸውን ይለያየዋል።

በፍላሽ የሚመጣውንና በአንድ ክሊክ ሁሉንም «የሚያስተካክለውን» አክቲቬተር አታስገቡ። መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ የሚል ሶፍትዌር ሒሳብ ክፍል ኮምፒውተር ላይ ምን ይሠራል?

ሰርቨር ከተቀየረ በኋላ ማይነስ 9

ላይሰንሱ የታሰረው በኔትወርክ ካርዱ ማክ አድራሻ (የካርዱ የራሱ መለያ ቁጥር) ነው። ማሽኑ ወይ ካርዱ ከተቀየረ ፋይሉ አይሠራም። እዚህ ጋ ነው እውነትም ሻጩ ጋ የሚደወለው። ከመደወላችሁ በፊት ግን ኤልኤምቱልስ የሚያሳየውን ሆስት አይዲ ፋይሉ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ዋይፋይ በመጥፋቱ ወይም በዩኤስቢ የሚሰካ የኔትወርክ ካርድ በመነቀሉ የተፈጠረ ከሆነ መልሶ ማብራት ወይም መሰካት ይበቃል።

ከቤት በቪፒኤን

ቢሮ የሚሠራው ቤት ካልሠራ መጀመሪያ ስሙን በአይፒ ተኩት፣ ቪፒኤኑ የቢሮውን ዲኤንኤስ ላያደርስ ይችላል። መስመሩ ከዘገየ ደግሞ ፍሌክስኤልኤም ታይምአውት የሚል ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ጨምሩና 5000000 ስጡት። በማይክሮሰከንድ ስለሆነ 5 ሰከንድ ነው። ካልተነገረው የሚጠብቀው የሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው፣ በእኛ ኢንተርኔት ይሄ ቀልድ ነው።

ዶንግል የሚጠቀሙ

ዶንግል ላይሰንሱን የያዘ ዩኤስቢ ቁልፍ ነው። ሴንቲኔል ወይም ሃስፕ ዶንግል ከሆነ ሰርቨሩ ላይ ብራውዘር ከፍታችሁ ሎካልሆስት 1947 ግቡ። ዶንግሉ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ችግሩ ኔትወርኩ ነው፣ ከሌለ ዩኤስቢው ወይም ድራይቨሩ። ሌላ ፎቅ ያሉት በሌላ ሰብኔት (የኔትወርክ ክፍል) ከሆኑ ዶንግሉን በራሳቸው ፈልገው አያገኙትም፤ በየኮምፒውተራቸው እዚሁ 1947 ገጽ ላይ ኮንፊገሬሽን ውስጥ የሰርቨሩን አይፒ በእጅ ጻፉላቸው። ዶንግሉን ደግሞ ከፊት ለፊት ሳይሆን ከኋላ ሰኩት፣ ጽዳት ሲሠራ እንዳይነካ።