ድጋፍ ስትጠይቁ ጉልበታችሁንም በብር አስሉት

ደሴና ኮምቦልቻ ችግኝ ለምትተክሉ፣ ትምህርት ቤት ለምታግዙ ማኅበራት አንድ ነገር ልጠቁም። ትልልቅ ለጋሾችን ከማሳደዳችሁ በፊት የዓለም አቀፉን የአካባቢ ፋሲሊቲ የአነስተኛ ድጋፍ ፕሮግራም እዩት። የሚሠራው በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም (ዩኤንዲፒ) በኩል ነው። ገንዘቡ በቀጥታ ለማኅበራት ይሰጣል፣ አብዛኛውን ጊዜም ከ50 ሺህ ዶላር አይበልጥም። ለመማሪያ ክፍል ከሆነ የጃፓን ኤምባሲን ሞክሩ፤ ግንባታና ዕቃ እንጂ ደመወዝ አይሸፍንም።

በማመልከቻው ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው የማኅበሩን የራስ መዋጮ ነው። የግድ ጥሬ ገንዘብ መሆን የለበትም። ጦሳ ተራራ ሥር እርከን ልትሠሩ ነው እንበል። የነዋሪው ጉልበት፣ ድንጋዩ፣ የምትዋሱት አካፋ ሳይቀር መዋጮ ነው። ስንት ሰው ስንት ቀን እንደሚሠራ ጻፉና በአካባቢው የቀን ሠራተኛ ክፍያ አባዙት። ድምሩ ራሳችሁን ያስገርማችኋል። ለሚገዛው ዕቃ ደግሞ ከፒያሳ ሱቆች ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ሰብስቡ፤ በግምት የተጻፈ ዋጋ ወዲያው ያስታውቃል።

የማኅበሩ ፈቃድ ካልታደሰ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ። ከሚመለከተው ቢሮ የሚወጣውን የድጋፍ ደብዳቤም የለጋሹ ጥሪ ማስታወቂያ ሳይወጣ ጠይቁ፣ መቼም «ነገ ተመለሱ» እንደሚበዛበት ታውቁታላችሁ።