የድንጋይ ዓሣ ባለበት ባሕር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የድንጋይ ዓሣ ማንንም አሳዶ አይወጋም። ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ እስከ ፈረንሳይ ፖሊኔዥያ በተዘረጋው ሞቃት ባሕር፣ አንዳንዴ ከጉልበት በማያልፍ ውኃ ውስጥ፣ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ምግቡ በራሱ እስኪመጣለት ይጠብቃል። ጀርባው ላይ 13 ገደማ እሾሆች አሉት። እያንዳንዱ እሾህ በወፍራም ቆዳ የተሸፈነ ሲሆን በግራና በቀኙ የመርዝ ከረጢት አለ። እግር ሲጫነው ቆዳው ወደ ታች ይሰበሰባል፣ ከረጢቶቹ ይጨመቃሉ፣ መርዙም በእሾሁ ጎንና ጎን ባሉት ቦዮች ሽቅብ ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። መርዙን የሚገፋው እንግዲህ የረጋጩ ክብደት ነው። ይህ ካልገባን የምናደርገው ጥንቃቄ ሁሉ ቦታውን ይስታል።

"ካለ አየዋለሁ" ማለት

አያዩትም። ሰው ዓሣ ሲፈልግ ዓይኑ የሚያድነው ቅርፊት፣ ጅራትና እንቅስቃሴ ነው። ይህኛው ቅርፊት የለውም፤ ቆዳው ጉብታ በጉብታ ነው፣ ላዩ ላይም አልጌ ይበቅልበታል። ቀለሙ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ ቢጫ፣ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ጣል ጣል ይልበታል። አሸዋማ ቦታ ላይ ከሆነ በሰፋፊ የደረት ክንፎቹ አሸዋውን እየዛቀ ራሱን ይቀብርና ዓይኑንና አፉን ብቻ ያስቀራል። አጠገቡ የሚያልፈውን ትንሽ ዓሣ በ0.015 ሰከንድ ገደማ ስለሚውጠው፣ ሲንቀሳቀስ እደርስበታለሁ ብሎ መጠበቅም አያዋጣም።

ልምድ ያላቸው ጠላቂዎች መጀመሪያ የሚፈልጉት አፉን ነው። ወደ ላይ የዞረ፣ የተኮሳተረ ሰው ከንፈር የመሰለ መስመር ነው። ከአፉ በላይ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ጎድጓዳ ቦታ አለ። ካገኙት በኋላ ዓይንዎን አይንቀሉ፤ ለጓደኛዎ ለማሳየት ዞር ብለው ሲመለሱ የትኛው ድንጋይ እንደነበር ይጠፋብዎታል።

ኮራል ከሌለ እሱም የለም ብሎ መዝናናት

በብዛት የሚታወቁት ሁለት ዝርያዎች ናቸው። ሲናንሲያ ቬሩኮሳ ኮራልና ድንጋያማ ወለል ይወዳል። ሲናንሲያ ሆሪዳ ግን ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ጭቃማና የደፈረሰ ውኃም ውስጥ ይኖራል። ውኃው ከዳር ሲሸሽ በድንጋዮች መካከል በሚቀር ኩሬ ውስጥ፣ አልፎም እርጥበት ባለው ደረቅ ቦታ ላይ ለሰዓታት በሕይወት ይቆያል። ስለዚህ ዛጎል ለቀማ የወጣ ሰው ድንጋይ በባዶ እጁ መገልበጥ የለበትም።

ሰው ሲመጣ ይሸሻል ብሎ ማሰብ

እግርን ከአሸዋው ሳያነሡ እየጎተቱ መሄድ ለስቲንግሬይ (ጅራቱ ላይ መርዛማ እሾህ ላለው ጠፍጣፋ ዓሣ) ጥሩ ዘዴ ነው፤ ንዝረቱን ሰምቶ ይሄዳል። የድንጋይ ዓሣ ግን መከላከያው አለመነቃነቅ ስለሆነ እግርዎ እስኪያርፍበት ድረስ ቦታውን አይለቅም።

በጫማ ብቻ መተማመን

ሸበጥ ከእሾሁ አያድንም። ስስ የኒዮፕሪን (ለስላሳ ሰው ሠራሽ ጎማ) የዋና ጫማም ከኮራል ጭረት ቢከላከል ነው። ሶሉ ወፍራምና ጠንካራ፣ ጎኑ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ያስፈልጋል። እሱም ቢሆን አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም፤ እሾሁ ወፍራም ጎማ ሊበሳ ይችላል። ከመዝለልና ከመሮጥ ይልቅ ክብደትን ቀስ እያሉ ማሳረፍ የጫማውን ያህል ይጠቅማል።

ጠላቂ ዋናተኞች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያጋልጡት እጃቸውንና ጉልበታቸውን ነው። ፎቶ ለማንሣት ይጠጉና ካሜራው እንዳይነቃነቅ አንድ እጃቸውን "ድንጋይ" ላይ ያሳርፋሉ። ለዚህ መፍትሔው ወፍራም ጓንት አይደለም። ሳይሰምጡም ሳይንሳፈፉም ከወለሉ ከፍ ብሎ መቆየትን ያልቻለ ሰው ካሜራውን ጀልባው ላይ ትቶ መጀመሪያ ይህን ይለማመድ።

ለማረጋገጥ መነካካት

የድንጋይ ዓሣን በጣም የሚመስል ስኮርፒኖፕሲስ ዲያቦለስ የሚባል ዘመድ አለው። ሲበሳጭ የደረት ክንፉን ገልብጦ ደማቅ ብርቱካናማና ቢጫ ቀለም ያሳያል። አንዳንድ አስጎብኚዎች ይህን ቀለም ለማሳየት በእንጨት ይቆሰቁሱታል። እሱም መርዛማ ነው፤ ቆስቋሹም የቱን እንደሚቆሰቁስ አስቀድሞ አያውቅም።

የሞተውን እንደ ማንኛውም ዓሣ መያዝ

እሾሁን የሚያሠራው ግፊት ስለሆነ ዓሣው መሞቱ ለውጥ አያመጣም። መንጠቆ ላይ ከመጣ ክሩን ቆርጦ መልቀቅ ከሁሉ ይሻላል። የግድ ከተያዘ በላስቲክ ከረጢት አይሁን፤ ግድግዳው ጠንካራ በሆነ ባልዲ ይቀመጥ። ለምግብ የሚያዘጋጁት ባለሙያዎች ቢላ ከማንሣታቸው በፊት የጀርባ እሾሆቹን ያስወግዳሉ፤ ከሥር ያሉት የሆድና የኋላ ክንፍ እሾሆች መርዛማ መሆናቸውን የሚረሳ ግን ብዙ ነው። ከጭንቅላት መያዝም መላ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት እንዳሳየው የዚህ ቤተሰብ ዓሦች ከዓይናቸው ሥር ወደ ጎን ወጥቶ የሚቆለፍ ስለታም አጥንት አላቸው።

በአኳሪየም የሚያረቡትም ለዚያው አደጋ የተጋለጡ ናቸው። በመረብ መያዝ እሾሁን ከመረቡ ጋር ያጠላልፍና ለማላቀቅ እጅ ያስገባል። ውኃ ውስጥ እንዳለ ጠንካራ ሣጥን ውስጥ በረጅም ዘንግ እየመሩ ያስገቡት። ገንዳ ሲያጸዱም ዓሣው የት እንዳለ በዓይን ሳያረጋግጡ እጅ አያስገቡ።

ከተወጉ በኋላ እንደ እባብ ንክሻ ማከም

ስለ ቀሩት ስህተቶች በትዕግሥት መነጋገር ይቻላል፤ ይሄኛው ግን ትዕግሥት ያስጨርሳል። ሰው በተወጋ ቁጥር አንዱ ቀበቶውን ፈትቶ እግሩን ጠፍሮ ያስራል፣ ሌላው በምላጭ ይበጣል፣ ሦስተኛው መርዙን በአፉ ልምጠጥ ይላል፣ አራተኛው በረዶ ይዞ ይሮጣል። አራቱም ጎጂዎች ናቸው። አጥብቆ ማሰርና በፋሻ መጠቅለል መርዙን አንድ ቦታ ላይ ያጉረዋል፤ ሕመሙንም የሥጋውንም ጉዳት ያከፋል። የፋሻው ዘዴ ለባሕር እባብና ሰማያዊ ቀለበት ላለው ኦክቶፐስ ትክክል ስለሆነ ከዚያ ተወስዶ እዚህ ይለጠፋል። መብጣት ሌላ ቁስል ይጨምራል። በረዶ ደግሞ የሚያስፈልገውን ፍጹም ተቃራኒ ማድረግ ነው፤ የመርዙ ፕሮቲኖች የሚበላሹት በሙቀት ነው።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው። በመጀመሪያ ሰውየውን ከውኃ ያውጡት፤ ሕመሙ ራስ የሚያስት ስለሆነ የመጀመሪያው አደጋ መስጠም ነው። አስተኝተው ወዲያው አምቡላንስ ያስጠሩ። ከቆዳ ወጣ ብሎ የሚታይ እሾህ ካለ በወረንጦ ይንቀሉት፤ ጠልቆ የገባውን ወይም መገጣጠሚያ አጠገብ ያለውን ለሐኪም ይተዉት። ከዚያ የተወጋውን እግር ወይም እጅ ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባልበለጠ ሙቅ ውኃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይንከሩት።

እዚህም ላይ ሌላ ስህተት ይሠራል። ሕመምተኛው ሕመሙ ስለሚያሰቃየው "ጨምሩ፣ ጨምሩ" ይላል፤ የተወጋው እግር ሙቀት በትክክል አይለይም፣ ተልጦ ከተነሣ በኋላ ነው መቃጠሉ የሚታወቀው። ስለዚህ ቴርሞሜትር ከሌለ ሙቀቱን የሚለካው ረዳቱ በራሱ እጅ ነው። ውኃው ሲበርድ እግሩን መጀመሪያ ያውጡት፣ ሙቁን ጨምረው ያማስሉት፣ እንደገና ለክተው ይመልሱት። ሕመሙ ከተመለሰ ይደግሙታል። በመንከር ሰዓት ግን ወደ ሐኪም ቤት የሚደረገው ጉዞ መዘግየት የለበትም።

ሕመሙ ቀለል ሲል ወደ ቤት መመለስ

ሞት እጅግ ጥቂት ነው። ብዙ ሰው የሚጎዳው ሕመሙ ቀለል ካለ በኋላ በሚመጣው ነው። ተሰብሮ የቀረ የእሾህ ስባሪ ቁስሉን ሳምንታት ያመረቅዘዋል፤ በራጅ ወይም በአልትራሳውንድ መፈለግ አለበት። የቴታነስ ክትባት ጊዜ ያለፈበት ሰው ይከተባል። ከባሕር ውኃ የሚገቡ ባክቴሪያዎችም አሉ፤ መቅላቱ ከተስፋፋ ወይም ትኩሳት ከመጣ ነገ አይባልም።

ፀረ መርዝ አለ፤ ከፈረስ የሚዘጋጅ ሲሆን አውስትራሊያ ውስጥ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በየባሕሩ ዳር ይገኛል ብሎ ማሰብ ግን ስህተት ነው፤ የሚሄዱበት አካባቢ የትኛው ሆስፒታል እንዳለው አስቀድመው ይጠይቁ። የሚሰጠው መጠን እሾሁ ቆዳ ላይ በተዋቸው ቀዳዳዎች ብዛት ይወሰናል፦ ለ1 ወይም 2 ቀዳዳ አንድ ብልቃጥ፣ ለ3 ወይም 4 ሁለት ብልቃጥ፣ ከዚያ በላይ ሦስት። ስለዚህ እግሩ አብጦ ቀዳዳዎቹ ከመሸፈናቸው በፊት ቆጥረው ይጻፉት፤ የተወጋበትን ሰዓትና ከዚህ በፊት ከፈረስ የተሠራ መድኃኒት አለርጂ አስነሥቶበት እንደሆነም ይጨምሩበት።