ሽንቴ ላይ ባክቴሪያ ተገኘ ተባልኩ፣ መድኃኒት ልጀምር ወይስ ልተወው?

አዳማ ላይ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሰራው፣ በየቀኑ የማየው ነገር ስለሆነ ልጻፈው ብዬ ነው። ሰው ለሌላ ጉዳይ ምርመራ ያሰራና ወረቀቱ ላይ "ባክቴሪያ ፕላስ ፕላስ" የሚል ሲያይ ደንግጦ ቀጥታ ፋርማሲ ሄዶ ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ይገዛል። እባካችሁ አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፣ ስሸና ያቃጥለኛል? ቶሎ ቶሎ ይመጣብኛል? ከእምብርቴ በታች ያመኛል? ካለ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይ ጎን ላይ ውጋት ካለማ ዛሬውኑ። ምንም ከሌለ ግን ባክቴሪያ ስለታየ ብቻ ታመሃል ማለት አይደለም፣ ሽንቱ ስለሸተተ ወይ ፐስ ሴል (የመግል ሴል) ስላለውም ብቻ መድኃኒት አይጀመርም።

ናሙናውንም ጠርጥሩት። ከቤት በጠዋት ይዛችሁት ወጥታችሁ በዚህ በአዳማ ሙቀት ሁለት ሦስት ሰዓት ከቆየ ባክቴሪያው እዛው ኮዳው ውስጥ ይራባል። ታጥባችሁ፣ የመጀመሪያውን አፍስሳችሁ መሃል ላይ ያለውን ተቀበሉና ወዲያው ስጡ። ካልቸር (ባክቴሪያውን አብቅሎ የሚያይ ምርመራ) ከተሰራ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት 100,000 እና ከዛ በላይ ባክቴሪያ ነው የሚፈለገው፣ ምልክት የሌላት ሴት ላይ ደግሞ በሁለት ተከታታይ ናሙና ያው ባክቴሪያ መገኘት አለበት።

አሁን ዋናው፣ እርጉዝ ከሆንሽ ይሄ ሁሉ ይቀየራል። ምንም ባያምሽም ካልቸርሽ ላይ ከበቀለ መታከም አለብሽ ምክንያቱም በእርግዝና ጊዜ ወደ ኩላሊት በቀላሉ ይወጣል፣ ያለ ጊዜው መውለድንም ሊያመጣ ይችላል። ክትትል ስትጀምሪ የሽንት ካልቸር ይሰራልኝ ብለሽ ጠይቂ፣ ህክምናው አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ቀን ነው፣ መድኃኒቱን ግን ሐኪም ይምረጥልሽ፣ ሲፕሮ ለእርጉዝ የሚመረጥ አይደለም። እንደ ፕሮስቴት ያለ በሽንት ቧንቧ በኩል ገብቶ የሚያደማ ኦፕሬሽን የሚጠብቀውም ሰው ቀድሞ ይታከማል።

ስኳር ያለበት፣ በዕድሜ የገፋ፣ ካቴተር (ሽንት እንዲወጣ የሚገባ ቱቦ) ያለው ሰው ምልክት ከሌለው አይታከምም። ካቴተር ቆየት ካለ ባክቴሪያ መኖሩ አይቀርም፣ በመድኃኒት ቢጠፋ ተመልሶ ይመጣል፣ የሚመጣው ደግሞ መድኃኒት የለመደው ሊሆን ይችላል። እናታችሁ ድንገት ግራ ተጋብተው መቀባጠር ከጀመሩና ትኩሳትም የሽንት ህመምም ከሌላቸው ሽንቱ ላይ ብቻ አታሳብቡ፣ ውሃ አጥሯቸው ወይ የሚወስዱት መድኃኒት ይሆናል፣ ወስዳችሁ አስመርምሯቸው። ኩላሊት የተተከለለት ሰው የራሱን ሐኪም ይጠይቅ።

በኋላ ማቃጠል ወይ ትኩሳት ከጀመራችሁ ደግሞ የድሮውን ወረቀት ይዛችሁ አትሂዱ፣ የመጀመሪያውን ክኒን ከመዋጣችሁ በፊት አዲስ ሽንት ለካልቸር ስጡ።