500 ግራም ብረት ለማውጣት ምን ያህል ሄማታይት ይገባል?

ሚዛን የሚያሳየን ግራም ነው፤ የተመጣጠነ ኬሚካዊ እኩልታ ግን የሚናገረው በሞል፣ ማለትም በቅንጣቶች ብዛት መለኪያ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ነው። ብረት ከሄማታይት (ብረትና ኦክስጅን ካሉበት ማዕድን) ሲወጣ እኩልታው ይህን ይመስላል፦

1 ሄማታይት + 3 ካርቦን ሞኖክሳይድ → 2 ብረት + 3 ካርቦን ዳይኦክሳይድ

መጀመሪያ አቶሞቹን ቁጠሩ። አንድ ሄማታይት 2 ብረትና 3 ኦክስጅን አለው፤ ስለዚህ በግራ በኩልም በቀኝ በኩልም 2 ብረት፣ 3 ካርቦንና 6 ኦክስጅን ይገኛል። ይህ ካልገጠመ ስሌቱን አትጀምሩ።

ቀጥሎ የአንድ ሞል ክብደት ይሰላል። ብረት 55.85 ግራም ነው። ሄማታይት 2 × 55.85 + 3 × 16.00 = 159.70፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ 12.01 + 16.00 = 28.01 ግራም። ከእኩልታው ፊት ያለውን 3 እዚህ አታስገቡ። እዚህም አባዝታችሁ በሞል ጥምርታውም ካባዛችሁ የካርቦን ሞኖክሳይዱ መልስ ሦስት እጥፍ ይሆናል።

አሁን የምንፈልገውን ብረት ወደ ሞል እንቀይር፦ 500 ÷ 55.85 = 8.953 ሞል። ለ2 ሞል ብረት 1 ሞል ሄማታይት ስለሚበቃ ግማሹን፣ 4.476 ሞል እንወስዳለን። ይህ በ159.70 ሲባዛ 714.9 ግራም ሄማታይት ይሆናል። ካርቦን ሞኖክሳይዱ በሞል የብረቱ አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ 13.43 ሞል፣ ማለትም 376.1 ግራም።

ጥምርታውን በቀጥታ በግራም ላይ የሚያውል ሰው «1 ለ 2 ነው» ብሎ 250 ግራም ሄማታይት ይመዝናል። በ250 ግራም ውስጥ ግን ያለው ብረት 175 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ 500 ከየት ይመጣል? 8.953ን ወደ 9 ማጠጋጋትም ሄማታይቱን በ4 ግራም ገደማ ያዛባል። ማጠጋጋት መጨረሻ ላይ ይሁን።

መልሱን ለመፈተሽ የገባውንና የወጣውን ደምሩ። የገባው 714.9 + 376.1 = 1,091.0 ግራም፣ የወጣው 500 ብረትና 591.0 ካርቦን ዳይኦክሳይድ (የአንድ ሞሉ ክብደት 44.01 ግራም ነው)፣ 1,091.0 ነው። የ0.1 ልዩነት ቢኖር ከማጠጋጋት የመጣ ነው፤ ልዩነቱ በአስር ግራሞች ከሆነ ግን ወደ ሞል ጥምርታው ተመለሱ።

ማዕድኑ ንጹሕ ካልሆነ፣ ለምሳሌ ሄማታይቱ 80 በመቶ ብቻ ከሆነ፣ 714.9ን በ0.80 አካፍሉ፦ 893.6 ግራም። በ0.80 ያባዛ ሰው ቆሻሻ ማዕድን ከንጹሑ ባነሰ መጠን ይበቃል እንደማለት ነው። በእቶን ውስጥ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ሁሉ ስለማያልቅና ከፊሉ ከጭሱ ጋር ስለሚወጣ፣ 376.1 ግራም ዝቅተኛው መጠን ነው።